ሳታገባ፣ ሳትጣላ የወጣች ልጅ

በእኛ አገር ልጅ ከወላጆቹ ቤት የሚወጣበት መንገድ የታወቀ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ ብርድ ልብሱን ጠቅልለን፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥረን መናኸሪያ ድረስ እንሸኘዋለን። ሲያገባ ድንኳን ተጥሎ፣ ጉልበት ስሞ፣ ተመርቆ ይወጣል። ባሕር ማዶ ሲሄድ ደግሞ ዘመድ አዝማዱ ቦሌ ድረስ አጅቦት፣ አልቅሶ ይመለሳል። ለእነዚህ ሁሉ ወግ አለን። ምን እንደሚባል፣ ምን እንደሚቋጠር፣ ማን እንደሚመርቅ እናውቃለን።

አሁን አሁን ግን አራተኛ መንገድ መጥቷል። ተመርቆ ሥራ የያዘ፣ ያላገባ፣ ከማንም ያልተጣላ ልጅ ብድግ ብሎ «ቤት ልከራይ ነው» ይላል፤ ያውም እዚያው ወላጆቹ ባሉበት ከተማ። ለዚህኛው ወግ የለንም። ወግ ስለሌለን ደግሞ የምናውቀውን እናደርጋለን፤ እናኮርፋለን። እናት «ምን አጎደልንብህ?» ትላለች፣ አባት ዝም ይላል፣ ጎረቤት «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ልጁም ኩርፊያውን ሽሽት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፍራሹን ጭኖ ውልቅ ይላል፤ ማወቅ የሚገባውን አንዱንም ሳንነግረው። ወረዳ እንኳ አካባቢ ለሚቀይር ነዋሪ መሸኛ ይጽፋል። እኛ ወላጆች ከወረዳ አንሰን መገኘት የለብንም።

የእኔ ልጅ የወጣችው ባለፈው ጥቅምት ነው። 25 ዓመቷ ነው። እኛ የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሲሆን እሷ ሥራ ያገኘችው አያት አካባቢ ነው። አዲስ አበባን የሚያውቅ አንባቢ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አይፈልግም። ለማያውቅ ግን፦ ከጀሞ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ መገናኛ፣ ከመገናኛ አያት፣ በየመሐሉ ሰልፍ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ወጥታ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ትገባለች። እራቷን ሳትቀምስ ልብሷን እንደለበሰች እንቅልፍ የሚጥላት ቀን ብዙ ነበር። እንዲህ ስምንት ወር ከተመላለሰች በኋላ ነው «ሥራዬ አጠገብ አንድ ክፍል ልከራይ» ያለችው።

በሕግ ከሄድን መጠየቅም አልነበረባትም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አካለ መጠን ያልደረሰ የሚለው ከ18 ዓመት በታች ያለውን ነው። እናቴን ግን በሕግ የረታት ሰው የለም። አብራን ነው የምትኖረው። «ሴት ልጅ ከአባቷ ቤት ወደ ባሏ ቤት እንጂ፣ ከአባቷ ቤት ወደ ሰው ሰርቪስ ትወጣለች?» አለች። ባለቤቴ ደግሞ ጭራሽ አልተናገረም። ቴሌቪዥኑን ድምፁን ከፍ አደረገው።

የባለቤቴ ዝምታ ከእናቴ ቁጣ የተለየ መሆኑን ያወቅሁት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። የሰው አፍ አላሳሰበውም። ያሳሰበው የትንሹ ልጃችን የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ልጃችን ሥራ ከያዘች ጀምሮ የወንድሟን ወርሃዊ ክፍያ የምትከፍለው እሷ ነበረች። ኪራይ ከጀመረች ማን ይከፍላል? ይህን አባት አፍ አውጥቶ ለልጁ ሊላት አይችልም። እሷም አፍ አውጥታ አትጠይቅም። በብዙ ቤት «ሰው ምን ይላል» የሚለው ክርክር ሥሩ ሲቆፈር ገንዘብ ሆኖ ይገኛል። ልጅ ደመወዝ ሲይዝ ቤቱ ይደገፍበታል፤ ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፣ እኛም ለወላጆቻችን ያደረግነው ነው። የሚጎዳው ሳይነገር መቅረቱ ነው።

ስለዚህ እሑድ ከምሳ በኋላ ወረቀትና እስክርቢቶ አውጥተን ተቀመጥን። ይህን ለሁሉም ወላጅ እመክራለሁ። ልጆቻችን ደመወዝ ሲባሉ የሚያስቡት በቅጥር ደብዳቤው ላይ ያለውን ቁጥር ነው። ለምሳሌ ደብዳቤው 10,000 ብር ቢል፣ በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው፤ ቀጣዩ 2,000 በመቶ 15፣ ከዚያ በላይ ያለው 3,000 በመቶ 20፣ የመጨረሻው 3,000 በመቶ 25 ይቆረጥበታል። ሲደመር 1,650 ብር ነው። በግል ድርጅት ለሚሠራ ጡረታ በመቶ 7፣ ማለትም 700 ብር ይጨመራል። እጅ የሚገባው 7,650 ብር ነው። ልጅ ቤት መፈለግ ያለበት ይህን ቁጥር ይዞ ነው። ከዚህ ላይ ኪራይ፣ ምግብ፣ መብራትና ውሃ፣ የስልክ ካርድ፣ ለልቅሶና ለሠርግ የሚወጣ (ይህን ወጣቶች አይቆጥሩትም) ሲቀነስ ለብቻ መከራየት የማይቻል ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የእኛዋም ተደምራ ተቀንሳ አልወጣላትም። እንባዋ መጣ። ከዚያ እሷው ራሷ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዋ ጋር በደባልነት ለመከራየት ወሰነች። የወንድሟን ክፍያ ግማሹን ትቀጥላለች፣ ግማሹን እኛ ያዝነው። ለዚያ ስንል ከሁለቱ ዕቁቦቻችን አንዱን ዙሩ ሲያልቅ ሳንቀጥል ቀረን። ቀላል አልነበረም፤ በዚያ ዕቁብ ልንገዛው ያሰብነው ፍሪጅ እስካሁን አልተገዛም።

አንድ ነገር በዚህ ላይ ልጨምር። ልጃችሁ አዲስ ተቀጣሪ ከሆነ የሙከራ ጊዜው ሳያልቅ ቤት እንዳይከራይ ምከሩት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ አሠሪው ብቁ ሆኖ ካላገኘው ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሣ ሊያሰናብተው ይችላል። ስድሳ የሥራ ቀን ቅዳሜን ግማሽ ቀን ለሚሠራም ቢሆን ከሁለት ወር ይበልጣል። ሦስት ወር መታገሥ ከኪራይ ውል መሐል ደመወዝ ከማጣት ይሻላል።

ቤት ፍለጋው ሲጀመር እናቴ ነገሩን ትታ ጓዳ ገብታ ነበር። ያወጣት የልጄ ጥያቄ ነው። «እማማ፣ አንቺስ ከማግባትሽ በፊት የት ነበርሽ?» አለቻት።

እናቴ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ የመጣችው በ1963 ዓ.ም.፣ በ17 ዓመቷ ነው። አክስቷ ዘንድ ጥቂት ከቆየች በኋላ አቃቂ ከነበሩት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ ተቀጥራ፣ ከአንዲት የፋብሪካ ጓደኛዋ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ኖራለች። አባቴን ያወቀችው ከዚያ በኋላ ነው። «የኔ ሌላ ነው» አለች። ልጄ ሳቀች። እናቴ ትንሽ ቆይታ «የኛ አከራይ ክፉ ነበረች፤ ባልዲ ትቆጥር ነበር» ብላ ጀመረች፤ ያን ቀን ማታ የሰማነውን እኔም በሃምሳ ዓመቴ ሰምቼው አላውቅም።

እዚህ ላይ ነው ለአያቶች የምለው ያለኝ። እኔና የዕድሜ እኩዮቼ ብዙዎቻችን ጊቢ ተጋርቶ መኖርን ረስተናል። ኮንዶሚኒየም ገብተን በራችንን ዘግተናል። አያቶቻችን ግን ያውቁታል። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ ተከራይ የነበሩ ናቸው፣ ከዚያም በቀበሌ ቤት አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት ለሰባት አባወራ ተካፍለው ልጅ ያሳደጉ ናቸው። ዛሬ ከቤት የሚወጣው ልጅ የሚገባው ልክ እንዲህ ወዳለ ጊቢ ነው። የሚያስፈልገውን እውቀት የያዙት እነሱ ሆነው ሳለ እኛ ግን ከጨዋታው አውጥተን «ተዪ እማማ፣ ያንቺ ጊዜ ሌላ ነው» እንላቸዋለን።

ክፍል ለማየት ስንሄድ እናቴን ይዘናት ሄድን። እኔ የቀለሙን ንጣት ስመለከት እናቴ ቀና ብላ ኮርኒሱን አየች። በአንዱ ጥግ ቡናማ ክብ ምልክት ነበረ። «ይሄ ክረምት ያፈሳል» አለች። ከዚያ አከራይዋን ጥያቄ በጥያቄ አደረገቻት። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሲጠፋ ማጠራቀሚያው የማን ነው? ቆጣሪውን ስንት ቤት ይጋራዋል፣ ሒሳቡስ በሰው ነው በክፍል የሚካፈለው? ሽንት ቤት ተራው እንዴት ነው? የጊቢው በር በስንት ሰዓት ይዘጋል፣ ለተከራይ ቁልፍ ይሰጣል? ምጣድ ይሰካል? ዘመድ ቢመጣ ያድራል? ስትጨርስ ደግሞ ልብስ ታሰጣ ወደነበረች ሌላ ተከራይ ጠጋ ብላ፣ ሰላምታ አብዝታ፣ ከዚህ በፊት እዚያ ክፍል የነበረው ሰው ለምን እንደወጣ ጠየቀች። እኔ ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ መቼም አላስበውም ነበር። መልሱ ደግሞ ቤቱን አስተወን።

ሁለተኛው ቤት ላይ ያጋጠመን ሌላ ነው። ክፍሉ ጥሩ ነበር፣ ባለቤቷ ግን የስድስት ወር ቅድሚያ ጠየቀች። ልጄ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አንብባ ነበርና በትሕትና ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንደማይበልጥ ነገረቻት። ሴትዮዋ «ሕግ የምትጠቅስ ተከራይ አልፈልግም» አለችን። ደላላውም ፊቱን አጠቆረ። ሕጉን ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ቤት ማግኘት ሌላ ነገር ነው፤ ለልጆቻችን ይህንንም ሳንደብቅ መንገር አለብን። እንዲያም ሆኖ አዋጁን ማወቁ ጥቅም አለው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን ይላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል፤ የውሉ ዘመን በመርሕ ደረጃ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ከእነዚህ ውስጥ በፍጹም መለቀቅ የሌለበት የትኛው ነው ብትሉኝ፣ የጽሑፍ ውሉና የባንክ ክፍያው ነው እላለሁ። በእጅ የተሰጠ ብር ምስክር የለውም። ደባል ካለ ደግሞ የሁለቱም ስም በውሉ ላይ ይግባ። አንዷ ትዳር ይዛ ወይም ሥራ ቀይራ ብትወጣ ሌላዋ ሜዳ ላይ እንዳትቀር ነው። በስልክ ፎቶ ብቻ ታይቶ ቀብድ መላክማ አይታሰብም። ደላላውም የሚከፈለው ውል ሲፈረም ነው።

ሦስተኛው ቤት ሆነልን። ሁለት ወር ቅድሚያ፣ ሁለት ስም፣ የጽሑፍ ውል።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። የቀረው ሁሉ ቢበላሽ ይስተካከላል፣ ይህ ግን አይስተካከልም። ጥቅምት ብርድ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ የሚኖር ወጣት፣ መብራት ሲጠፋ ወይም ቡና አፍልቶ ሲጨርስ፣ ፍሙ እንዲያሞቀው ማንደጃውን ወደ ውስጥ አስገብቶ በሩን ዘግቶ ይተኛል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ዓይን አያቃጥልም፣ አያስነጥስም። «ጭሱ ወጥቶ አልቋል፣ ቀልቷል» የሚባለው ፍም ራሱ ይህን ጋዝ ያመነጫል። ጨው መነስነስም ሆነ አጠገቡ ውሃ ማስቀመጥ ምንም አይፈይድም። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ቀጥሎ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ የተኛ ሰው ግን ይህንም ሳያውቀው ያልፋል። ስለዚህ ልጃችሁ ሲወጣ ከድስትና ከሳህን በፊት ይህን ንገሩት፦ ከሰል ተቀጣጥሎ የሚያልቀው ውጭ ነው። ውስጥ ቡና ከተፈላ በርና መስኮት ተከፍቶ ነው፤ ማንደጃው ከመኝታ በፊት ይወጣል። ራሱን ካመመው መጀመሪያ ወደ ውጭ አየር ይውጣ፣ ከዚያ ሰው ይጥራ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት 939 ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ልጄ በር ጀርባ ላይ ለጥፋቸዋለች። እኔ ደግሞ ከጓዳዬ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስና አንድ ጋቢ ሰጠኋት። የሚሞቀው ሰው ማንደጃ አያስገባም።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም። ሽሮና በርበሬ ከቤት ይሄዳል፣ ይህ የእናት ድርሻ ነው፣ ማንም አይቀማንም። ግን ሽሮ የማይሠራ ወንድ ልጅ አሳድጎ ዱቄቱን መስጠት ትርፉ ምንድን ነው? የእኔ ትንሹ ልጅ እህቱ ከወጣች ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወጥ የሚሠራው እሱ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ሽንኩርቱን አሳረረው። አባቱ ዝም ብሎ በላ።

ከባድ ክርክር ያስነሳው የቁልፍ ጉዳይ ነው። የልጅን የኪራይ ቤት መለዋወጫ ቁልፍ ወላጅ ይያዝ ወይስ አይያዝ? አንድ ጎረቤቴ የልጇን ቁልፍ ይዛ እሱ ሥራ ሲሄድ እየገባች ታጸዳለታለች። ለእሷ ፍቅር ነው። ልጁ ግን ሁለተኛ ቤት ቀይሮ ቁልፍ አልሰጣትም። እኔ ቁልፉ ቤታችን መኖሩን እደግፋለሁ፤ ሰው ቢታመም፣ ቢጠፋበት። ግን ፖስታ ውስጥ ታሽጎ፣ ላዩ ላይ ልጄ ፈርማበት፣ የእናቴ ሣጥን ውስጥ ነው ያለው። ፖስታው ከተቀደደ ምክንያቱን የምትጠየቀው እናቴ ናት። ሳልደውል አልሄድም። እሷም ማታ ስትገባ «ገባሁ» የምትል አንዲት ቃል ትልካለች። የት እንደነበረች፣ ከማን ጋር እንደነበረች አልጠይቅም። አንዳንድ ቀን ጣቴ ስልኩ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አልጠይቅም። በየማታው የሚመረመር ልጅ የሚማረው እውነት መናገርን አይደለም።

ወረቀቶችን በተመለከተ የዲግሪዋ ዋናው ቅጂ እኛ ጋ ቀርቷል፤ እሷ ፎቶ ኮፒ ይዛለች። ፋይዳ መታወቂያዋ ከእሷ አይለይም። እናቶች እድራችሁንም ጠይቁ። የአንዳንዱ እድር መተዳደሪያ ደንብ ከቤት የወጣ ልጅን እንዴት እንደሚያይ ሳታውቁ ክፉ ቀን እንዳይመጣባችሁ።

ልጄ በወጣች በሦስተኛው ሳምንት ጉንፋን ጣላት። ደባሏ ክፍለ ሀገር ሄዳ ነበር። ያን ቀን አጥሚት ይዛላት የመጣችው እናቴ ያን ዕለት ሰላምታ አስለምዳት የነበረችው የጊቢው ሌላ ተከራይ ናት፤ ለእኔም የደወለችልኝ እሷው ናት። እኔ ከጀሞ ተነሥቼ አያት እስክደርስ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጅቶብኛል። እናቴ ቤቱን ከመረጡ በኋላ ለልጄ የሰጠቻት ምክር አንድ ብቻ ነበር፦ የገባሽ ቀን ቡና አፍልተሽ ጊቢውን ጥሪ። ልጄ ሲኒ አልነበራትም፤ ከዚያችው ሴት ተውሳ ነው ያፈላችው።

በነገራችን ላይ ጎረቤቶቻችን መጠየቃቸውን አልተዉም። «ምን ሆና ወጣች?» ሲሉን መጀመሪያ ባለቤቴ ያፍር ነበር። አሁን «ሥራዋ አያት ነው፣ ከእነ ጓደኛዋ ተከራይታለች፣ እኛ ነን ያስገባናት» ይላል። «እኛ ነን ያስገባናት» የምትለዋ ቃል ብዙ ሥራ ትሠራለች። ከዚህች ቃል በኋላ ሁለተኛ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው አላየሁም።

አልጋዋን ወንድሟ ወስዶታል፤ በዚህ ማንም አልተከራከረም። እሑድ እሑድ ለምሳ ትመጣለች፣ ማታ ሳይመሽ ትመለሳለች። ሽሮዋና በርበሬዋ ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል፤ ግን እናቴ ያለፈው ሳምንት ባዶ ዕቃ ታጥቦ ካልመጣ አትሞላም።